የታሸገው ሣጥን

«እነዚያ የፖሊ የኤሌክትሪክ ልጆች ማታ ማታ በወርክሾፑ የሚያጨሱት ምንድር ነው?» ብላችሁ የጠየቃችሁን ጥቂቶች አይደላችሁም። ከፔዳ ግቢ ያላችሁት ደግሞ «ከቻይና ተሠርቶ የሚመጣውን ዕቃ እናንተ ለመሥራት መድከማችሁ ስለ ምን ይሆን?» ማለታችሁን ሰምተናል። ጥያቄው ተገቢ ነውና እነሆ መልሳችን።

የምንሠራው የኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ የሞተር መቈጣጠሪያ ነው፤ መካኒኮች ኮንትሮለር የሚሉት። ባትሪ የሚሰጠው ኀይል በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚፈስ ሲሆን፥ ሞተሩ ግን የሚዞረው በሦስት ሽቦዎች ተራ በተራ በሚፈራረቅ ኀይል ነው። ኮንትሮለሩ በሁለቱ መካከል ሆኖ፥ ሾፌሩ እጀታውን ባዞረው መጠን፥ ኀይሉን በሴኮንድ 16 ሺህ ጊዜ እያበራና እያጠፋ ያከፋፍላል። ይህ ሣጥን ከሌለ የቀረው ሁሉ ብረት ነው።

ይህን ነገር ከመጽሐፍ አንሥተን አልጀመርነውም። አንድ ሾፌር በዕቁብና በብድር የገዛው ባለ ሦስት እግር የኤሌክትሪክ ባጃጅ በክረምት ድንገት ቆመበት። ሻጩ ዘንድ ቢሄድ «ኮንትሮለር ለብቻው አናመጣም» አሉት። እኛ ዘንድ ሲመጣ ተሽከርካሪው በግቢው ሸራ ለብሶ ሁለት ወር አልፎት ነበር። ሣጥኑን ብንከፍተው ውስጡ ጥቁር ሙጫ ተሞልቶበታል፤ ሙጫውን ፍቀን ብናወጣው ደግሞ የዋናው ቺፕ ቍጥር በሞረድ ጠፍቷል። ሰውየው ይህን ቆሞ ሲያይ ቆየና «እንዲያው ልጆቼ፥ ባትሪው ደኅና፥ ሞተሩ ደኅና፤ ጡብ የምታህል ነገር ናት እኮ ቤቴን የዘጋችው» አለን። የዚያን ዕለት ማታ ወረቀት አውጥተን መሣል ጀመርን።

ነገሩ የአንድ ሰው ብቻ አለመሆኑን ታውቃላችሁ። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በቤንዚንና በናፍጣ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከልክሏል። ኀይሉማ አለን፤ ከጣና በዋሻ ተወስዶ ወደ በለስ የሚወርደው ውኃ 460 ሜጋ ዋት እንዲያመነጭ የተሠራ ጣቢያ አለው፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው ታላቁ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት ሊያመነጭ የታቀደ ነው። ታዲያ ውኃው የእኛ፥ ሽቦው የእኛ ሆኖ፥ በመጨረሻው አንድ ክንድ ላይ በሞረድ የተፋቀ ቺፕ ቢገጥመን ምን ይባላል? የምንማርበት ፖሊ ቴክኒክ በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ ሲከፈት የታሰበው የእጅ ሥራና የቴክኒክ ዕውቀት ያላቸውን ሰዎች ለማውጣት ነበር። ዛሬ በወርክሾፑ ካለው ዕቃ ይልቅ የሚጐድለን ዕቃውን የመክፈት ልማድ ይመስለናል።

አሁን ወደ ሥራው እንግባ። ያሰብነው 72 ቮልትና 200 አምፔር፥ ማለት 14,400 ዋት ነው፤ በፈረስ ጕልበት ወደ 19 ይጠጋል። ይህን ያህል ኀይል በአንዲት ሣጥን ውስጥ ሲበራና ሲጠፋ አስቸጋሪው ማብራቱ አይደለም፥ ማጥፋቱ ነው። በቧንቧ የሚሮጥ ውኃ ድንገት ቢዘጋ ቧንቧውን ደው አድርጎ እንደሚመታው ሁሉ፥ በሽቦ የሚሮጥ ኀይልም ድንገት ሲቋረጥ ይመታል። ሒሳቡ ቀላል ነው። የሽቦው ኢንዳክታንስ 50 ናኖሄንሪ ቢሆን፥ 200 አምፔሩም በ100 ናኖሴኮንድ ቢቋረጥ፥ 100 ቮልት በባትሪው ላይ ይጨመራል። የተሞላ ባትሪ 84 ቮልት ስለሚደርስ በጠቅላላው 184 ይሆናል፤ ትራንዚስተሩ የሚችለው ግን 150 ብቻ ነው! ስለዚህ ሽቦውን ትተን ሁለት የመዳብ ሰሌዳዎች በመካከላቸው ስስ ፕላስቲክ አድርገን አነባበርን፤ ካፓሲተሮቹንም ከትራንዚስተሮቹ አጠገብ አስጠጋናቸው። ከዚያ በኋላ ምቱ ከግማሽ በታች ወረደ።

ሁለተኛው ነገር የላይኛውና የታችኛው ትራንዚስተር ለአንዲት ቅጽበት እንኳ አብረው እንዳይከፈቱ መጠበቅ ነው። አብረው ከተከፈቱ ባትሪው በራሱ ላይ ይዘጋል፤ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ሽታው ነው። አንዱ ከተዘጋ በኋላ ሌላው ጥቂት እንዲጠብቅ በፕሮግራሙ አዘዝነው።

ይህ ሁሉ ተስተካክሎ ሳለ ትራንዚስተሮቹ መንደዳቸውን አልተዉም። ሦስት ሳምንት ሥዕሉን ስንመረምር ከረምን። በመጨረሻ ከመካከላችን አንዱ አዲሱን ትራንዚስተር ራሱን እንለካው አለ። 10 አምፔር ብናሳልፍበት 30 ሚሊቮልት ሊያሳይ ሲገባው 120 አሳየ። ዕቃው ሐሰተኛ ነበር፤ በርካሽ ትራንዚስተር ላይ የውድ ስም ታትሞበት ነው የተሸጠልን። በሥራ ጊዜ 3 ዋት ያህል ሊሞቅ የሚገባው 13 ዋት ይሞቅ ኖሯል። ከዚያ ወዲህ አንድም ትራንዚስተር ሳይለካ ሰሌዳው ላይ አይበየድም። ይህም ሥራ እጅግ አሰልቺ ነው፤ የሚዘፍን ሰው ቢኖረን መልካም ነበር።

ስለ ሙቀት ካነሣን አይቀር፥ የውጭ ፋብሪካዎች በዕቃቸው ላይ የሚጽፉት መጠን ብዙ ጊዜ እስከ 1,000 ሜትር ከፍታ ላለ አገር ነው፤ ከዚያ በላይ በየ100 ሜትሩ 1 በመቶ ቀንሱ ይላሉ፥ ስስ አየር ሙቀትን በደንብ አይወስድምና። የጣና ዳር ወደ 1,800 ሜትር ስለሆነ ለእኛ 8 በመቶ ይቀነሳል፤ ለአዲስ አበባ ሰዎችማ ከዚህም ይብሳል። እኛ አሉሚኒየሙን ከመጀመሪያው አስፍተን ቈረጥነው።

ባለፈው ወር ኮንትሮለሩን በሾፌሩ ባጃጅ ላይ ገጥመን፥ አራት ኩንታል አሸዋ ጭነን፥ በቤዛዊት ዳገት አወጣነው። ሜትሩ 140 አምፔር አሳየ፤ አሉሚኒየሙ 71 ዲግሪ ደረሰ፤ ያጨሰም የነደደም ነገር የለም። ሾፌሩ ከላይ ደርሶ ሞተሩን ካጠፋ በኋላ ቁልቁል ወደ ዓባይ እያየ «ሲወርድስ ፍሬኑን ይረዳዋል?» አለ። ይረዳዋል፤ ሞተሩ ሲወርድ ኀይል ወደ ባትሪው ይመልሳል። ነገር ግን ባትሪው ሙሉ ከሆነ የሚመለሰውን አይቀበልም፤ ለዚያ የሚሆነውን መላ ገና አልጨረስነውም።

እውነቱን ለመናገር የእኛ ሣጥን ከሚገዛው ይከብዳል፥ ለጊዜውም ዋጋው ይበልጣል። ቺፑም ካፓሲተሩም ከውጭ ነው የመጣው፤ «ሙሉ በሙሉ አገር በቀል» ብሎ የሚያወድሰን ቢኖር ይተወን። የእኛ የሆነው ሥዕሉ ነው፥ ሲበላሽም የቱ ክፍል እንደ ተበላሸ ማወቃችን ነው። በዚህ ረገድ ስዊድናዊው ቤንጃሚን ቬደር ባለውለታችን ነው፤ የራሱን ኮንትሮለር ሥዕልና ፕሮግራም ለማንም ክፍት አድርጎ ስለ ሰጠ ብዙ ነገር ከእርሱ ተምረናል።

የእኛም ሥዕል በወርክሾፑ ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፤ የፈለገ ወረቀት ይዞ መጥቶ ይገልብጥ። ከመካኒካል ክፍል ውኃ የማያስገባ ክዳን የሚሠራልን፥ ከፔዳም የአጠቃቀሙን መመሪያ ሾፌር በሚገባው አማርኛ የሚጽፍልን እንፈልጋለን። ማክሰኞና ሐሙስ ከእራት በኋላ በሩ ክፍት ነው።