ለልብስ ሰፊው ጓደኛችን ሰዓት ስንመርጥ

ዛሬ ስለ ሰዓት እናወጋችኋለን። እጅ ላይ ታስሮ ርምጃ ስለሚቆጥረው፣ የልብ ምት ስለሚለካው ስማርት ሰዓት። ከእናንተ መካከል ልግዛ አልግዛ እያለ የሚያመነታ ብዙ ሰው እንዳለ እናውቃለን። እኛም ሁለት ሰዓት ፊታችን ተደቅኖ ሳምንት ሙሉ ተጨቃጭቀናል።

ደሴ ላይ አብረን ያደግን አራት ጓደኛሞች ነን። አንደኛችን ልብስ ሰፊ ነው። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምሮ እስከ መግሪብ ማሽኑ ላይ አጎንብሶ ይውላል፤ ዐረፋ ሲቃረብ ደግሞ እስከ እኩለ ሌሊት። ዕድሜው 31 ነው። አንድ ቀን እናቱ ሦስታችንን ለብቻ ጠሩንና፣ «ልጆቼ፣ እሱ አፉን ሞልቶ አይነግራችሁም። ሐኪሙ ስኳር ደጃፍህ ላይ ቆሟል ብሎታል። አባቱን የወሰደብኝ ይኸው ነው» አሉን። የላብራቶሪውን ወረቀት ከመሶቡ ሥር አውጥተው አሳዩን። 6.2 ይላል።

ያ ቁጥር ያለፉትን ሦስት ወራት ገደማ የደም ስኳር በአማካይ የሚያሳየው ምርመራ ውጤት ነው። ከ5.7 በታች ከሆነ ደህና ነው፤ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው አፋፍ ላይ ነው፤ 6.5 እና ከዚያ በላይ ሲሆን ስኳር ይባላል። ጓደኛችን አፋፉ ላይ ነበር። እኛ ደግሞ በየቀኑ ሱቁ ገብተን፣ ሦስት ማንኪያ ስኳር የተጨመረበትን ሻይ አብረነው እየጠጣን፣ ምንም አላወቅንም።

ከመካከላችን የአንዱ እህት ጂዳ ነው የምትሠራው። በኢሞ ነገሩን ስትሰማ፣ «ለዐረፋ ስመጣ ስማርት ሰዓት ላምጣለት፤ ገንዘቡን ግን ተካፈሉ» አለች። ማታውኑ የሁለት ሰዓት ፎቶ ላከችልን። አንደኛው ጋርሚን ፎርረነር 55፣ ሁለተኛው አፕል ዎች ኤስኢ፣ ሁለተኛው ትውልድ። የመጀመሪያው በ2021 በ200 ዶላር ገደማ ገበያ ላይ የዋለ ነው፤ ሌላኛው በ2022 በ249 ዶላር። ለእኛ ቀልድ የሚባል ገንዘብ አይደለም። አንደኛችን የባጃጅ ዕቁቡን ነው ያነሳው።

ጭቅጭቁ እዚህ ላይ ጀመረ።

አፕሉ ያምራል፤ ይህን ማን ይክዳል? ስክሪኑ ጥርት ያለ ነው፣ ስልክ ሲደወል በእጅህ ታነጋግራለህ፣ ተቀምጠህ ሳለ የልብ ምትህ ያለቅጥ ከፍ ካለ ያስጠነቅቅሃል። ሦስት ቀለበቶች አሉት፤ ስትንቀሳቀስ፣ ስፖርት ስትሠራና ከመቀመጫህ ስትነሳ እየሞሉ ይሄዳሉ። ቀኑን ሙሉ ለሚቀመጥ ልብስ ሰፊ «ተነስ» የሚል ሰዓት መቼም ደግ ነገር ነው። ችግሩ ያለ አይፎን አይሠራም። ጓደኛችን የያዘው ቴክኖ ነው። አንደኛችን «አሮጌውን አይፎኔን እሰጠዋለሁ» ብሎ ስለነበር ይህም መፍትሔ ያገኘ መስሎን ነበር።

ጋርሚኑ ደግሞ ሲታይ የልጅ መጫወቻ ይመስላል። ፕላስቲክ ነው፤ 37 ግራም ብቻ ይመዝናል። ስክሪኑ ደብዘዝ ያለ ነው፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ ግን ከሌላው ይልቅ ይነበባል። በጣት አይነካም፤ በአምስት ቁልፎች ነው የሚሠራው። ስልክ ተቀብሎ አያነጋግርም። ቴክኖም ይሁን አይፎን ከሁሉም ጋር ይስማማል።

ክርክሩን የፈታው ግን ባትሪው ነው። አፕሉ አንዴ ቻርጅ ከተደረገ እስከ 18 ሰዓት እንደሚቆይ ፋብሪካው ራሱ ይናገራል። ጋርሚኑ እስከ ሁለት ሳምንት። ጂፒኤሱን ሳያጠፉ ቢሄዱበት እንኳ እስከ 20 ሰዓት ይሄዳል። እንግዲህ አስቡት፦ መብራት ማታ ጠፍቶ በነጋታው ቀትር ላይ በሚመጣበት ሰፈር በየቀኑ ቻርጅ የሚፈልግ ሰዓት ምን ይሆናል? መጀመሪያ ቀን ይዘለላል፣ ከዚያ ሳምንት፣ ከዚያ መሳቢያ ውስጥ ይገባል። ከዚህ በፊት እንዲህ መሳቢያ ውስጥ የቀረ ሰዓት ከመካከላችን አንዱ አለው፤ ስሙን አንጠራም፣ ራሱን ያውቃል።

ሁለተኛው ነገር ውዱእ ነው። በቀን አምስት ጊዜ እጁን እስከ ክርኑ የሚያጥብ ሰው ሰዓቱን ሊያወልቅ ወይም ውኃው ቆዳው ጋር እንዲደርስ አላልቶ ሊያንቀሳቅስ ግድ ነው። ሁለቱም ሰዓቶች 50 ሜትር ጥልቀት ላይ ያለውን ያህል የውኃ ግፊት እንዲችሉ የተሠሩ ስለሆኑ ውኃው አይጎዳቸውም። ልዩነቱ በእርጥብ ጣት ሲነኩ ነው። የሚነካ ስክሪን ውኃ ሲያርፍበት ይደናገራል፤ ቁልፍ ግን ቁልፍ ነው። በዚያ ላይ በየውዱኡ የሚወልቅ ሰዓት የሆነ ቀን የመስጊድ ቧንቧ ላይ ተረስቶ መቅረቱ አይቀርም። ሲጠፋ የሚያንገበግበው የትኛው ነው? ይህን ያነሳችው የጂዳዋ እህታችን ናት፣ እውነቷን ነው።

ጋርሚኑን መረጥን።

ገበያ ላይ የምታዩትን ሦስተኛ ዓይነት ሰዓት ሳናነሳ ማለፍ አይሆንልንም። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንድ ሻጭ «ይሄ ያለ መርፌ ስኳር ይለካል» ብሎ በጣም ርካሽ ሰዓት አሳይቶን ነበር። እውነት ለመናገር ልባችን ደንገጥ አለ፤ የምንፈልገው እሱን አልነበር እንዴ? ወንድሞችና እህቶች፣ እንዳትታለሉ። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት የካቲት 2024 ላይ ባወጣው ማስጠንቀቂያ፣ ቆዳ ሳይወጋ በራሱ የደም ስኳር እንዲለካ የፈቀደው አንድም ስማርት ሰዓት ወይም ቀለበት እንደሌለ ተናግሯል። የስኳር ሕመምተኛ በእንዲህ ያለ የሐሰት ቁጥር ተማምኖ መድኃኒት ቢወስድ ወይም ቢተው ነፍሱን ሊያጣ ይችላል። ቤታችሁ ውስጥ ስኳር ያለባቸው እናት ወይም አባት ካሉ ይህን ዛሬውኑ ንገሯቸው።

ታዲያ ስኳር የማይለካ ሰዓት ለስኳር ምን ይጠቅማል? ይህንን እኛም ጠይቀናል። በ2002 ውጤቱ የታተመ አንድ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት አለ። አፋፍ ላይ የነበሩ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተሳትፈውበታል። አንዱ ቡድን ከሰውነቱ ክብደት 7 በመቶ እንዲቀንስና በሳምንት 150 ደቂቃ እንደ ፈጣን የእግር ጉዞ ያለ እንቅስቃሴ እንዲያደርግ ተመከረ፤ ሌላው ሜትፎርሚን የሚባለውን ኪኒን ወሰደ፤ ሦስተኛው መድኃኒት የሌለበት ኪኒን። በሦስት ዓመት ገደማ ውስጥ የተራማጆቹ ስኳር የመያዝ ዕድል ከሦስተኛው ቡድን ጋር ሲነጻጸር በ58 በመቶ ቀነሰ። የኪኒኑ 31 በመቶ ነበር። ኪኒን አትውሰዱ ማለታችን አይደለም፤ ሐኪም ያዘዘው ሐኪም ያዘዘው ነው። ግን 150 ደቂቃ! በቀን ግማሽ ሰዓት፣ በሳምንት አምስት ቀን። ጋርሚኑ ደግሞ ከፋብሪካ ሲወጣ ሳምንታዊ ግቡ ልክ 150 ደቂቃ ተብሎ ተሞልቷል። ፈጠን ብለህ ስትራመድ ይቆጥርልሃል፤ ስትሮጥ እያንዳንዱን ደቂቃ እጥፍ አድርጎ ይቆጥርልሃል።

የ10,000 ርምጃ ወሬ በነገራችን ላይ ከሐኪም የመጣ አይደለም። በ1965 ጃፓን ውስጥ ለሽያጭ የቀረበ የርምጃ መቁጠሪያ ስሙ «የዐሥር ሺህ ርምጃ መለኪያ» ማለት ነበር። የንግድ ስም ነው ዓለምን የዞረው።

ለዐረፋ ሰዓቱ መጣ፣ ሰጠነው። «ምን አድርጌ ነው?» አለ። እናቱ እንደነገሩን አልነገርነውም፤ ግን ገባው። ዓይኑን ከሰዓቱ ሳያነሳ፣ «እንዲያው አፕሉ አይሻልም ነበር?» አለን። ምርጫውን ሁሉ ስንጨርስ እሱን አልጠየቅነውም ነበር ለካ። አፈርን።

ከዚያ የባሰውን ደግሞ እኛው ሠራን። ቴሌግራም ላይ ግሩፕ ከፍተን «በየማታው ርምጃህን ላክ» አልነው። ይልካል። 4,000 ሲልክ «ምነው ዛሬ?» እንለዋለን። 3,000 ሲልክ አንደኛችን የሚያለቅስ ፊት ይልክበታል። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ርምጃው በአንዴ 14,000 ገባ። አልሃምዱሊላህ አልን፣ ተደሰትን፣ ለጂዳ ሁሉ ነገርን።

አንድ ከሰዓት ፒያሳ ላይ ተላላኪውን ልጅ አገኘነው። እዚያው ሱቁ ውስጥ ቁልፍ የሚተክለው፣ ክርና ገበር ሊገዛ የሚሮጠው የ14 ዓመት ልጅ። እጁ ላይ ሰዓቱ አለ! «ጋሼ ነው ያሰረልኝ፣ ስትመለስ ስጠኝ ብሎኝ» አለን በንጹሕ ልቡ። ወላሂ መሬት ላይ ቁጭ ብለን ሳቅን። ከሳቁ በኋላ ግን ዝም ተባባልን። ሰውየው አፋፍ ላይ ቆሞ እኛን ለማስደሰት በሰው እግር እየተራመደ ነው።

በዚያ ማታ ሱቁ ሄድን። ቁጥሩን አላነሳንም፤ እሱም ልጁ ነግሮት ኖሮ ቀና ብሎ አላየንም። «ና እንውጣ» አልነው። ከቧንቧ ውሃ ተነስተን በጦሳ በኩል ወዳለው ዳገት ትንሽ ወጣን። ደሴ ባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ናት፤ ዳገቷ ቀልድ አያውቅም። ሃያ ደቂቃ ሳንሄድ የእኛ ትንፋሽ ቀድሞ አለቀ። እሱ ሰዓቱን አይቶ «ልቤ 152» አለ። ዕድሜን ከ220 ቀንሶ ጣሪያውን የሚገምተውን የተለመደ ስሌት ከወሰድን የእሱ 189 ነው፤ ለእግር ጉዞ 152 በዛ ስላለ ቀስ አልን። የሰዓቱ አረንጓዴ መብራት በቆዳ በኩል የደሙን ምት ነው የሚያየው፤ ላላ ብሎ ከታሰረ ግን ይሳሳታል። ካሎሪውን ደግሞ ጭራሽ አትመኑት። በ2017 የስታንፎርድ ተመራማሪዎች ሰባት እጅ ላይ የሚታሰሩ መሣሪያዎችን ሲፈትሹ ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስህተት ለክተዋል፤ በካሎሪ ግን የተሻለው እንኳ በአማካይ 27 በመቶ ስቷል። ጓደኛችን «400 አቃጥያለሁ» ብሎ ለስላሳ ሲያዝ ይህን ነው የምንነግረው።

ግሩፑን ዘጋነው። በምትኩ ሱብሒ ሰግደን ከመስጊድ በቀጥታ ግማሽ ሰዓት አብረን እንሄዳለን፤ ከአራታችን ሁለት ከመጣን ይበቃል። ሰዓቱ ድምፅ ሳያሰማ እጁ ላይ ተንቀጥቅጦ ስለሚቀሰቅሰው ባለቤቱና ሕፃኑ አይነሱም፤ ከሁሉ የወደደው ይህንን ነው። ረመዳን ላይ ሰዓቱን ቀይረን ከኢፍጣር በፊት ያለውን ግማሽ ሰዓት ያዝን፣ ፍጥነቱንም ቀነስን። ሻዩ አንድ ማንኪያ ላይ ደርሷል፤ የእኛም እንዲሁ፤ ብቻውን መራራ ይጠጣ አይባልም።

ከስድስት ወር በኋላ 5.9 ሆነ። ሐኪሙ «ቀጥል፣ ከሦስት ወር በኋላ ተመለስ» አለው። ወረቀቱን ለእናቱ ያሳየው ራሱ ነው። አሁንም መሶቡ ሥር ነው ያለው፣ ከአሮጌው ጋር።

አንድ ነገር ቀርቷል። የሰዓቱ የጎማ ማሰሪያ ከውዱእ እርጥበት ጋር እጁን ያሳክከው ጀመር። አውልቆ ጣለውና ከሱሪ ትርፍራፊ በ20 ሚሊሜትር ስፋት የጨርቅ ማሰሪያ ሰፋለት፤ ደርዙ ሁለት መስመር፣ ሲታይ ከፋብሪካው ይበልጣል። ሁለታችን እንዲሰፋልን ካዘዝነው ሦስተኛ ሳምንቱ ነው። ልንጠይቅ በሄድን ቁጥር ተላላኪው ልጅ ከማሽኑ ጀርባ ብቅ ብሎ «የለም፣ ሊራመድ ወጥቷል» ይለናል።