ስንት ትሰጣለህ?

ነሐሴ 12 ቀን 2010 ዓ.ም.፣ ቅዳሜ ማታ ነው። ደብረ ታቦር መናኸሪያ አካባቢ አንዲት ቆርቆሮ በር ፊት ቆሜያለሁ። ዝናቡ ከጣሪያው ጠርዝ ሳይቋረጥ ይወርዳል። ከኋላዬ አራት ጓደኞቼ ሻንጣቸውን ታቅፈው በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተዋል። በሩን ገርበብ አድርገው ያዩን እናት ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ሳብ አደረጉና "ስንት ትሰጣለህ?" አሉኝ።

ይህን ጥያቄ አሜሪካ ውስጥ ለዓመታት ስመልሰው ኖሬያለሁ። ፊት ለፊት ቆሞ የጠየቀኝ ሰው ግን እስከዚያች ማታ አልነበረም።

ዋሽንግተንና አካባቢው የምንኖር አበሾች ሰኔ ሲጋመስ አንድ የጋራ ጭንቀት ይይዘናል፤ የኳስ ሰሞን አልጋ። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ውድድር በ1984 እ.ኤ.አ. ሂውስተን ላይ ከተጀመረ ወዲህ በየዓመቱ ከከተማ ከተማ እየዞረ ይካሄዳል። ሰዉ ለኳሱ ብቻ አይሄድም። አብሮ አደጉን ሊያገኝ፣ ልጆቹን ሊያስተዋውቅ፣ የናፈቀውን ዘፋኝ ሊሰማ ይሄዳል። ሳምንቱ ደግሞ አሜሪካኖች የነጻነት በዓላቸውን የሚያከብሩበት ስለሆነ ሆቴሉ ሁሉ ይወደዳል። እኔ ቀደም ሲል በሌሊት ፈረቃ መኪና ማቆሚያ ውስጥ እሠራ ነበር። በአንድ ክፍል የአንድ ሌሊት ዋጋ የሁለት ቀን ደመወዜ ይሄድ ነበር።

ፕራይስላይን የተባለውን የኢንተርኔት አልጋ ማስያዣ ያሳየኝ አብሮኝ የሚሠራ የጎንደር ልጅ ነው። ድርጅቱን ጄይ ዎከር የተባለ ሰው አቋቁሞት በ1998 እ.ኤ.አ. ሥራ ሲጀምር ይዞት የመጣው ሐሳብ "ዋጋህን ራስህ ጥራ" የሚል ነበር። ከተማውን፣ ሰፈሩንና የኮከቡን ብዛት ትመርጣለህ። የምትከፍለውን ትጽፋለህ፤ የባንክ ካርድህን ቁጥር ታስገባለህ። ከሆቴሎቹ አንዱ ዋጋህን ከተቀበለ ገንዘቡ እዚያው ይቆረጣል፤ የሆቴሉን ስም የምታየው ከዚያ በኋላ ነው። መሰረዝ የለም፤ ገንዘብ መመለስም የለም።

ሆቴሎቹ ለምን እንደሚስማሙ ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል። ያደረ እንጀራ እንኳ ፍርፍር ይሆናል፤ ሰው ያላደረበት አልጋ ግን ሲነጋ ምንም ነው። የዛሬን ሌሊት ነገ መሸጥ አይቻልም። ባለ ሆቴሉ ባዶ ከሚያሳድረው በርካሽ ቢለቀው ይመርጣል፤ ዋጋውን በአደባባይ ቢቀንስ ግን በሙሉ ዋጋ የያዘው ደንበኛ ይቀየመዋል። ስለዚህ ስሙን ሸፍኖ ይሸጣል። ገዢው ሻጩን አያውቅም፤ ሻጩም ገዢውን አያየውም። አለመተያየታቸው ነው ነገሩን የሚያስኬደው።

ዘዴም ነበረው። የጠራኸው ዋጋ ካልተወደደ ያንኑ ጥያቄ ለመድገም እስከ ማግስቱ መጠበቅ አለብህ። አንድ ነገር ከቀየርህ ግን ወዲያው እንደገና መሞከር ትችላለህ። ልምድ ያለው ሰው እርሱ የሚፈልገው ደረጃ ሆቴል ፈጽሞ የሌለበትን ሰፈር ፈልጎ ይጨምራል፤ ወደዚያ ሰፈር የመጣል ስጋት ስለሌለበት በነጻ አንድ ዕድል ያተርፋል። በ2009 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ቺካጎ ላይ ሲሆን፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት፣ በመስታወት ዳሴ ውስጥ ተቀምጬ በይፋ 170 ዶላር የሚባል ክፍል በ45 ጀመርኩ። እንቢ ተባልኩ። ሰፈር ጨምሬ 50 አልኩ፤ አሁንም እንቢ። 55 ሞከርኩ። በ62 ያዝኩት። ብቻዬን ብድግ ብዬ አጨበጨብኩ። ከዚያ ዓመት ጀምሮ የጓደኞቼ አልጋ አስያዥ እኔ ሆንኩ፤ ለማንም ሳደርገው ደስ እያለኝ ነበር።

በ2018 እ.ኤ.አ. ውድድሩ ዳላስ ነበር። የዚያን ክረምት አገር ቤት የመግባት ጉጉት ሁላችንንም ይዞን ነበር። አንዱ ተነሥቶ "ዘንድሮ ቡሄን አንተ አገር እናክብረው" አለ። ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። የቡሄ በዓል ደብረ ታቦር ተብሎ ይጠራል፤ እኔ ደግሞ በዚያው ስም በምትጠራ ከተማ ተወልጄ ያደግሁ ሰው ነኝ። የኢየሱስን ደብር፣ ጋፋትን፣ ጉምና ጭቃውን፣ የጉናን ብርድ ላሳያቸው ተሳልኩ። አልጋውንም እንደለመድኩት እኔ እይዛለሁ አልኩ።

ዋጋ የሚጠራበት ጨረታ ለደብረ ታቦር አልነበረም። ስልክ ቁጥር አፈላልጌ ወደ አንድ ሆቴል ደወልኩ። ሦስት ክፍል፣ የአንዱ የሌሊት ዋጋ 300 ብር። ዶላር ያን ጊዜ በባንክ 27 ብር ገደማ ስለነበር 11 ዶላር መሆኑ ነው። እኔ ግን ልማዴ ለቀቅ አላደረገኝም፤ ተከራክሬ በ250 አስያዝኩ። "ቀብድ ልላክ?" ብዬ ስጠይቅ ልጁ በትሕትና "አያስፈልግም ጋሼ፤ ቃልዎ ይበቃል" አለኝ።

ያን ቅዳሜ ከባሕር ዳር በሚኒባስ ወጣን። የፎገራ ሜዳ በሩዝ ለምልሞ ነበር። ወረታ ላይ ወደ ወልድያ የሚወስደውን መንገድ ይዘን፣ ዓለም በርን አልፈን፣ ዳገቱን ስንጀምር ጉሙ ተቀበለን። ከባሕር ዳር 100 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ነገር ግን ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ስትወጣ ሰውነትህ ሌላ አገር የገባህ ያህል ያውቀዋል። በየደጁ ችቦ ታስሮ ቆሟል። ልጆች ጅራፍ ያስጮሃሉ። አብሮን የነበረው የአዲስ አበባ ልጅ በአስፋልት ላይ የሚጮህ ጅራፍ ነው የለመደው፤ ከሜዳ ወደ ተራራ እየተቀባበለ ሲሰማው ዝም ብሎ አዳመጠ።

ሆቴሉ ስንደርስ ክፍሎቹ ተይዘዋል። ጮህኩ፤ አልክድም። እንግዳ ተቀባዩ ወጣት ጩኸቴን ታግሦ ሲያበቃ የነገረኝ ግን አሁንም ጆሮዬ ውስጥ አለ። "በስልክ ይዞ የሚቀረው ሰው ብዙ ነው፤ ክፍሉ ባዶ ያድርብናል። እነዚህ ደግሞ በሙሉ ዋጋ ከፍለው ገቡ" አለ። ቺካጎ ላይ ያጨበጨብኩበት ሒሳብ ከባለ አልጋው ወገን ሲነገር ሰማሁት። ባዶ አልጋ ለእኔ ትርፍ፣ ለእርሱ ኪሳራ ነበር። ቃሉን አልጠበቀምና እስከ ዛሬ ጥፋተኛ ነው እላለሁ። ቀብድ ሳይቀበል፣ ዋጋ አስቀንሶ ከባሕር ማዶ የደወለን ሰው ግን ስለምን ይጠብቅ ኖሯል?

አንድ ደላላ በዝናብ ውስጥ አገኘን፤ ዐሥራ ስምንት ዓመት ይሆነዋል። "ሆቴል ዛሬ አታገኙም፤ ቤርጎ ላሳያችሁ" አለ። ቤርጎ ከጣሊያን ጋር መጥቶ ከጣሊያን በኋላ የቀረ ቃል ነው፤ አልቤርጎ ከሚለው ነው የመጣው። በየከተማችን መናኸሪያ ዙሪያ አልጋ፣ ጠረጴዛና ፔርሙስ ያለባትን ጠባብ ክፍል ዛሬም እንዲሁ እንጠራታለን። ልጁ በመንገድ ላይ "400 ቢሉህ አትደንግጥ፤ ቡሄ ስለሆነ ነው" ብሎኝ ነበር።

እናም እኒያ እናት "ስንት ትሰጣለህ?" ሲሉኝ፣ ሳላስብ፣ እጄ ፊደል እንደሚነካ ሁሉ "200" አልኩ።

መልስ አልሰጡኝም። ኮምፒዩተሩ ላይ ቢሆን ይህ ዝምታ አንዲት የምትዞር ምልክት ናት፤ ትጠብቃታለህ። እዚህ ግን ዝም ያለው ሰው ዓይን አለው። የጓደኞቼን የበሰበሰ ጫማ አዩ፤ እኔን አዩ። ከዚያ "የማን ልጅ ነህ?" አሉኝ።

የእናቴን ስም፣ የአያቴን ስም ነገርኳቸው። ወደ ጋይንት መውጫ የነበረውን ቤታችንን ጠቀስኩ።

ያ ቤት በልጅነቴ ሳይጠየቅ የሚከፈት ነበር። ቅዳሜ ገበያ የዋለ፣ ታማሚ ያመጣ፣ ዳኝነት የመጣ ሰው ሲመሽበት ደጃፍ ላይ ይቆምና "የመሸብን እንግዶች ነን፤ አሳድሩን" ይላል። አያቴ "ቤት የእግዚአብሔር ነው" ትላለች። ነገሩ በዚህ ያልቃል። ውሃ ይሞቃል፤ የእንግዳው እግር ይታጠባል፤ እኔ ከመደቡ ወርጄ ከእሳቱ ዳር እተኛለሁ። ሲነጋ እንግዳው መርቆ ይሄዳል። ይሁንና አያቴ በግድ ስለማሳደርም የምታወራው ነበራት። በድሮ ዘመን ተሰሪ የሚባለው ወታደር ባላገሩ ቤት ገብቶ፣ ከባለቤቱ አፍ ነጥቆ እየበላ ይኖር እንደነበር ከእናቷ ሰምታለች። ደብረ ታቦር ከራስ ጉግሣ እስከ አፄ ቴዎድሮስ የሠራዊት ከተማ ሆና የኖረች ናት፤ የዚያን ሸክም የፋርጣ ገበሬ ሳይነገረው ያውቀዋል። "እንግዳ ማለት ደጅ ቆሞ የሚለምን ነው፤ ሳይለምን የሚገባ እንግዳ አይደለም" ትል ነበር። እኔ ያን ማታ ደጅ ቆሜያለሁ፤ ግን አልለመንኩም። ዋጋ ነው የጠራሁት።

እናትየው በሩን ወለል አድርገው ከፈቱት። "አያትህ ቤት ስንቴ አድሬአለሁ። እንግዲህ ዋጋ አትጥራብኝ፤ ስትወጣ የልብህን ታደርጋለህ" አሉ። ደላላው ቅር አለው። የእርሱ ድርሻ ከዋጋው ላይ የሚሰላ ነው፤ ዋጋ ካልተቆረጠ እርሱ ምን ይያዝ? 50 ብር ሰጠሁትና አመስግኖ ሄደ። ሁለት ክፍል ነበራቸው፤ አራቱ ጓደኞቼ ሁለት ሁለት ሆነው ገቡ። ለእግራቸው የሞቀ ውሃ በሳፋ መጣላቸው።

እኔ አክስቴ ቤት ሄድኩ፤ ከማታው 3 ሰዓት ሆኗል። ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አክስቴ ገና ሳልስማት "እኔ ሞቼ ነው ቤርጎ የያዝከው?" አለችና አለቀሰች። ሁለት ክፍል ቤቷ ውስጥ ለአምስት ሰው ሰሌን ዘርግታ፣ ጋቢ ከጎረቤት ተውሳ፣ የጾም ወጥ ሠርታ ስትጠብቀን አምሽታለች። ፍልሰታ ስለሆነ ቅቤ የለውም ብላ ይቅርታ ልትጠይቀን ተዘጋጅታ ነበር። ጓደኞቼ ሙቅ ውሃ የለመዱ ስለሆኑ፣ እርሷንም ላለማስቸገር ብዬ እንደሆነ ነገርኳት። "መቸገርማ የኔ ነበር" አለች። ለዚህ መልስ አላገኘሁለትም።

በማግስቱ እሑድ፣ የቡሄ ዕለት ጠዋት፣ አክስቴ ሙልሙል በመሶብ ይዛ ቤርጎው ድረስ መጣች። ከባለቤትየዋ ጋር ተሳሳሙ፤ በርጩማ ስበው ስለ አያቴ ማውራት ጀመሩ። ሆያ ሆዬ የሚሉ ልጆች ግቢውን ሞልተው በዱላቸው መሬት ሲመቱ፣ ከጓደኞቼ አንዱ ሙልሙሉን እየቆጠረ በየእጃቸው አደረሰ። ትልቅ ሰው ነው፤ ሃያ ሁለት ዓመት በስደት ኖሯል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ ቆየ።

ሰኞ ልንወጣ ስንል ሒሳቡ መጣብኝ። የልብን ያህል መጥራት እንዲህ ያስቸግራል ብዬ አላሰብኩም። ሁለት ክፍል፣ ሁለት ሌሊት። 1,000 ብር አጥፌ ሰጠኋቸው። ሳይቆጥሩ በመቀነታቸው ቋጠሩትና መረቁን። ዓለም በር ስንደርስ ነው የታወቀኝ፤ ለአንድ ክፍል በሌሊት 250 ማለት ነው። ሆቴሉን ያስቀነስኩበት ዋጋ። ልቤ የሚያውቀው ቁጥር ያ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከባሕር ዳር ሌላ ብር በአክስቴ በኩል ላክሁ፤ ያፈርኩት ግን በብሩ ማነስ አልነበረም።

ፕራይስላይን በ2016 እ.ኤ.አ. የአውሮፕላን ቲኬቱን ጨረታ ተወው፤ የሆቴሉም ከዚያ በኋላ ቀረ። ዛሬ ሰዉ ዋጋ አይጠራም፤ የተጻፈለትን አይቶ ይይዛል። እኛም አገር ቴሌብር ከግንቦት 2013 ዓ.ም. ወዲህ ቀብድ መላክን ቀላል አደረገው። ለደብረ ታቦር ሆቴሎች የምመኝላቸው ይህንኑ ነው፤ ቀብድ ይቀበሉ፣ ከተቀበሉ ደግሞ ቃላቸውን ይጠብቁ። ለከተማዋ ዩኒቨርሲቲ ምርቃት ልጁን ሊያይ ከሩቅ አገር የሚመጣ አባት እንደኛ በዝናብ ደጅ ለደጅ መዞር የለበትም።

በነሐሴ 2013 ዓ.ም. የሰሜኑ ጦርነት ጋይንትን አልፎ ደብረ ታቦር በከባድ መሣሪያ ስትመታ፣ መጀመሪያ አክስቴ ጋ ደወልኩ። ደህና ነበረች። ቀጥሎ እኒያ እናት ጋ ደወልኩ፤ መስመሩ ቶሎ አልገባም። ሲገባ ከጀርባቸው የሕፃን ለቅሶ ይሰማል። ከንፋስ መውጫ በኩል ሸሽተው የመጡ ሰዎች ሁለቱንም ክፍል፣ ኮሪደሩንም ሞልተውታል። ስንት እንደሚያስከፍሉ አልጠየቅኋቸውም።

"ዘንድሮ ብትመጣ አልጋ የለኝም፤ አክስትህ ጋ ታድራለህ" አሉኝ።