ሳይቃጠል በቅጠል

ክረምት ሲገባ እኛ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ፊደል ለማስቆጠር ወደ ገጠር እንመጣለን። ሐምሌንና ነሐሴን እንቆያለን። ይህ ወቅት ለእኛ የማስተማሪያ ጊዜ ነው። ለገበሬው ግን የጭንቅ ጊዜ ነው። የአምናው እህል ከጎተራ አልቋል፤ አዲሱ ገና አልደረሰም። በደጋ አገር በዚህ ጊዜ ቤተሰብን ደግፎ የሚያቆየው የጓሮ ድንች ነው። የድንች በሽታም የሚበረታው በዚሁ ጊዜ ነው። ዛሬ የምንጽፍላችሁ ስለዚሁ በሽታ ነው።

በምናስተምርበት ቀበሌ አንዳንዱ ሰው «ምች መታው» ይላል። ሌላው «ዋግ ነው» ይላል። «ዓይን ነው» የሚልም አይጠፋም። አንድ ቀን ትምህርት ላይ ሳለን አንዲት እናት ተነሡና፦

«ልጆቼ፣ እኔ ከነገ ጀምሮ አልመጣም» አሉን።

«ምነው እማማ?» አልናቸው።

«ድንቼ ተቃጠለ። ትናንት ለምለም ነበር፤ ዛሬ እሳት የነካው መስሏል። ቤቴ የሚበላው እሱን ነው። ፊደሉ ይቆየኝ» አሉ።

አጠገባቸው የተቀመጡት ጎረቤታቸው አንገታቸውን ደፉ። ኋላ እንደ ሰማነው በሁለቱ ቤት መካከል ቅያሜ ገብቷል። ጎረቤትየዋ ድንቹን አይተው «እንዴት አምሯል!» ባሉ በሦስተኛው ቀን ነው አሉ የተቃጠለው። ከዚያ ወዲህ ቡና መጠራራት ቀርቷል።

በማግሥቱ ትምህርቱን ወደ ጓሮው ወሰድነው። ማለዳ ነበር፤ ጤዛው አልረገፈም። ቅጠሉን ገልብጠን አየን። ከላይ ጥቁር ነጥብ አለ። ከሥሩ፣ በነጥቡ ዙሪያ፣ እንደ ዱቄት ያለ ነጭ ሻጋታ አለ። ፀሐይ ከወጣ በኋላ ይህ ነጭ ነገር ስለሚደርቅ በደንብ አይታይም። ስለዚህ ድንቻችሁን በማለዳ እዩ፤ ቅጠሉንም ገልብጡ።

ያ ነጭ ነገር ሕይወት አለው። ከዓይን የሚያመልጥ ደቃቅ ዘር አለው። ዘሩን ነፋስ ይወስደዋል፤ የዝናብ ፍንጣሪም ከቅጠል ወደ ቅጠል ያሻግረዋል። በእርጥብ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ይበቅላል። አየሩ ቀዝቃዛና እርጥብ ከሆነ በጥቂት ቀን ውስጥ እሱም በተራው ዘር ያፈራል። አንድ ማሳ በሁለት ሳምንት ውስጥ የሚያልቀው በዚህ ምክንያት ነው።

ታዲያ ከየት መጣ? ይህን ያገኙት እማማ ራሳቸው ናቸው። «ቀድሞ የታመመው በአጥሩ በኩል ያለው ነው» አሉ። ሄደን አየን። በሁለቱ ቤት አጥር መካከል የቆሻሻ ክምር አለ። አምና ሁለቱም ቤቶች የበሰበሰ ድንች እዚያ ጥለው ነበር። ከዚያ ውስጥ ሳይዘራ የበቀለ ገቦ ድንች ቆሟል። እሱ ከሁሉ ቀድሞ ጠቁሯል። በሽታው በታመመ ድንች ውስጥ ተደብቆ ከዓመት ዓመት ይሻገራል። ገቦው ሲበቅል አብሮት ይወጣል። ጎረቤትየዋ ይህን ሲያዩ «የእኔም ጓሮ በዚሁ በኩል ነው የጀመረው፤ አፍሬ ነው ያልተናገርኩት» አሉ። እማማም ዝም ብለው ቆዩና «በይ ነይ፣ አብረን እንንቀለው» አሏቸው።

የእማማ ድንች ሥር ይዞ ነበር። ስለዚህ ግንዱን ከነቅጠሉ ከመሬት አጨድነው። ገና አረንጓዴ ቅጠል እያለ ማጨድ ያሳዝናል። ነገር ግን ከቅጠሉ የሚረግፈው ዘር በዝናብ ወደ አፈር ሰርጎ ድንቹን ራሱን ያበሰብሰዋል። የታጨደውን በጉድጓድ ቀበርነው። ለከብት አልሰጠነውም፤ የድንች ቅጠል መርዝነት አለው። ድንቹን ወዲያው አላወጣነውም፤ ልጡ እንዲጠነክር ሁለት ሳምንት ቆየ። ከዚያ ዝናብ ባልጣለበት ቀን ተቆፈረ። ከአምናው ግማሽ ያህል ሆነ። ሙሉ አይደለም፤ ግን ቤቱን እስከ መስከረም አደረሰ።

የጎረቤትየዋ ድንች ገና ሥር አልያዘም ነበር። የታመመው ብቻ ተነቀለ። ለቀረው ባለቤታቸው ከገበያ መድኃኒት ገዝተው መጡ። ሻጩ «ለድንች ይሆናል» ብሏቸዋል። መርጫቸውን ተሸክመው ሊወጡ ሲሉ «ጋሼ፣ እስቲ ጽሑፉን ያንብቡልን» አልናቸው። ጣታቸውን እያስኬዱ ጀመሩ። «የ... አ... ረ... ም። የአረም!» አሉና ቀና አሉ። ቱ ፎር ዲ ነበር። ቱ ፎር ዲ ጤፍና ስንዴን ትቶ ቅጠለ ሰፊውን አረም የሚገድል ነው። ድንችም ቅጠለ ሰፊ ነው። «በገዛ እጄ ልጨርሰው ነበር!» አሉ። በወሩ መጀመሪያ ላይ «ለሽማግሌ ፊደል ምን ያደርጋል?» ይሉን የነበሩት እሳቸው ናቸው።

ለዚህ በሽታ ከሚረጩት አንዱ ማንኮዜብ የሚባለው ነው። እሱም የሚጠብቀው ጤነኛውን ቅጠል ነው፤ የታመመውን አያድንም። ስለዚህ ቀድሞ ይረጫል። ልኩንና ከተረጨ በኋላ እስኪለቀም የሚቆይበትን ቀን ከዕቃው ላይ አንብቡ። አፍና አፍንጫችሁን ሸፍኑ። መርጫው ቢደፈን በአፍ አትንፉ። ባዶውን ዕቃ ውኃ አትቅዱበት።

ለከርሞው ደግሞ እንዲህ አድርጉ።

ጤነኛ ዘር ትከሉ። ከሆለታ የእርሻ ምርምር ማዕከል እንደ ጉደኔና በለጠ ያሉ፣ ሲወጡ ከነባሩ ይልቅ በሽታውን የሚቋቋሙ ዘሮች ወጥተዋል። በሽታውም ጠባዩን ስለሚለውጥ «ይህ ዘር አይነካም» ብላችሁ አትዘናጉ። በመስመር መካከል 75 ሳንቲ ሜትር፣ በተክልና በተክል መካከል 30 ሳንቲ ሜትር አራርቁ፤ ነፋስ ይግባበትና ጤዛው ቶሎ ይድረቅ። አፈር በደንብ አስታቅፉት። ገቦውን ንቀሉ። በበልግ ወይም በመስኖ የሚተክል ሰው ከክረምቱ በሽታ በብዙው ያመልጣል። ቲማቲምንም ይኸው በሽታ ይይዘዋልና ከድንች አጠገብ አትትከሉት። በእንጨት ደግፉት፤ ውኃውን ከሥሩ እንጂ በቅጠሉ ላይ አታፍስሱ።

የሚበላውን ድንች ጨለማና ነፋስ ባለበት ደረቅ ቦታ አስቀምጡ። በየሳምንቱ ምረጡት፤ አንዱ የበሰበሰ ሌላውን ያበሰብሳል። ለዘር የሚሆነውን ግን ብርሃን ባለበት አሳስታችሁ ዘርጉት። አረንጓዴ የሆነ ድንች አይበላም። በርበሬም ሳይደርቅ አይከተት። የሻገተውን ለይታችሁ ጣሉት፤ የሻጋታ መርዝ በመታጠብም ሆነ በማብሰል አይለቅም።

ይህ በሽታ ቀላል አይደለም። በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1845 ዓ.ም. ጀምሮ በአየርላንድ አገር ድንቹን አጠፋው። ድሀው ሕዝብ የሚበላው ከሞላ ጎደል ድንች ብቻ ነበር። በሌላው እህል ግን አላዘዘበትም፤ ድንቹ ሲጠፋ ሌላው እህል በመርከብ ወደ ውጭ ይጫን ነበር። እስከ 1852 ዓ.ም. አንድ ሚሊዮን ያህል ሰው ሞተ፤ ሌላ አንድ ሚሊዮን ያህል ተሰደደ። የበሽታውም ምክንያት ምን እንደ ሆነ ያኔ ብዙዎቹ አላወቁም ነበር። እኛ ዛሬ እናውቃለን። ማወቃችን የሚጠቅመን ግን ጎረቤት ከጎረቤት ሲነጋገር ነው። ነፋስ አጥር አያውቅም። የአንዱ ጓሮ ጸድቶ የሌላው ቢቀር ድካሙ ከንቱ ነው።

ነገ በማለዳ ጓሯችሁን ዙሩ። ጥቁር ነጥብ ካያችሁ ለጎረቤታችሁ በዚያው ቀን ንገሩ። ይህን ጽሑፍ ያነበበም ላላነበበው ያንብብለት።