ዋሽንት፣ ኪቦርድና የፖትስዳሙ ንጉሥ

ይድረስ ለእትዬና ለቤተሰቡ በሙሉ፤ ከአዳማ።

አዳማ እንደምታውቋት ናት። ፀሐይ ጠልቃም ሙቀቷ አይበርድም፤ በሰርግ ወቅት ደግሞ የሙሽራ መኪኖች ጥሩንባቸውን እያንባረቁ መንገዱን ይይዙታል። የሰርጉ ድምቀት ብዙውን ጊዜ በአንድ ኪቦርድ ተጫዋች እጅ ላይ ነው። ዘፋኙ ዘፈኑን ሲያነሳ ልጁ ድምፁን በጆሮው ይይዝና በግራ እጁ ቤዙን፣ በቀኝ እጁ ቀሪውን እንደመሰለው ይሞላዋል። ፊቱ የተዘረጋ ኖታ የለም።

የ18ኛው ክፍለ ዘመን የአውሮፓ ሐርፕሲኮርድ ተጫዋች ይህን ሙያ ጠንቅቆ ያውቀው ነበር። ለፍሉትና ለኪቦርድ የተጻፈ ሶናታ ብዙ ጊዜ የሚሰጠው የፍሉቱን ዜማና የቤዙን መስመር ብቻ ነው፤ ቤዙ ላይ ቁጥሮች ይሰፍራሉ፣ ተጫዋቹም እነሱን እያየ ኮርዱን እዚያው ይፈጥራል። ዮሐን ሴባስቲያን ባኽ ግን በቢ ማይነር ሶናታው የኪቦርዱን ቀኝ እጅ ራሱ ጽፎ ከፍሉቱ ጋር እኩል እንዲመላለስ አድርጎታል። ከዚያ ዘመን አንድ ሥራ ብቻ ይሰማ ከተባለ ይህ ይሰማ።

ነገሩን ወደ እኛ አገር የሚያመጣው ቻርልስ በርኒ የተባለው እንግሊዛዊ የሙዚቃ ታሪክ ጸሐፊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1772 ፖትስዳም ድረስ ሄዶ የፕሩሺያው ንጉሥ ዳግማዊ ፍሬድሪክ ፍሉት ሲነፉ ሰምቷል። መምህራቸው ክቫንትስ በየክፍሉ መጀመሪያ በእጁ ምት ይሰጣል፤ ንጉሡ ሲያሳምሩም «ብራቮ» የማለት ፈቃድ ከሙዚቀኞቹ ሁሉ የእሱ ብቻ ነበር። ያኔ ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ ጎንደርን ለቆ ወደ አገሩ እየተመለሰ ነው። ለንደን ከገባ በኋላ ስለ ሐበሻ የሙዚቃ መሣሪያዎች ለበርኒ ጻፈለት፤ በርኒም በ1776 ባሳተመው የሙዚቃ ታሪክ አንደኛ ቅጽ አወጣው።

ብሩስ የሚቆጥረው ስድስት መሣሪያ ነው፤ ማሲንቆ ግን የለበትም! ጎንደር ከርሞ ማሲንቆን መዝለል እንዴት ይቻላል? ፍሉታችን በመጠኑም በቅርጹም የጀርመን ፍሉትን ያህላል ይላል፤ የጀርመን ፍሉት የሚባለው ያው ንጉሡ ወደ ጎን ይዘው የሚነፉት ነው። የእኛው ቁልቁል ይያዛል፣ አፉ የክላሪኔት ዓይነት ነው፣ ድምፁም ይነዝራል፤ ንዝረቱ ከሌለው ሰው አይወደውም ሲል ጽፏል። ይህ ለዋሽንት አይገጥምም። ዋሽንት ጫፉ ክፍት ሸምበቆ እንጂ ሌላ አፍ የለውም፤ ሰውየው ያየው ሌላ መሣሪያ ይመስላል።

ነገ መንገዳችን በሞጆ በኩል ታጥፎ ወደ መቂ፣ ባቱና ሻሸመኔ ነው። በዚህ አካባቢ ፍሉት በኦሮምኛ ኡሉሌ ይባላል። ዋሽንት ነፊ አብዛኛውን ጊዜ አራት ቀዳዳ ያላቸው፣ ርዝመታቸው የተለያየ ብዙ ሸምበቆዎች ይዞ ይዞራል፤ ምክንያቱም አንዱ ዋሽንት ከዘፋኙ ድምፅ ጋር ካልገጠመ ሌላውን ማንሳት ነው እንጂ ማስተካከያ የለውም። የ18ኛው ክፍለ ዘመን የእንጨት ፍሉትም ችግሩ ይኸው ነበር። የከተማው ሁሉ መቃኛ ስለሚለያይና ሐርፕሲኮርዱን በየጊዜው እንደገና መቃኘት አድካሚ ስለሆነ፣ ፍሉቱ ርዝመታቸው የሚበላለጥ መካከለኛ ቁራጮች ይሠሩለታል፤ ነፊው የሚስማማውን መርጦ ይገጥማል። ክቫንትስ ፖትስዳም ላይ የሚቸገርበትን ነገር የእኛ ዋሽንት ነፊ ሳይነግሩት ይረዳው ነበር።

ልጆቹ ፒያኖ መማር ጀምረዋል ተብሏልና ቡልጋሪያ፣ ሶፊያ ከተማ የተማረውን የፒያኖ ተጫዋች የግርማ ይፍራሸዋን «እረኛው ባለ ዋሽንት» አሰሟቸው፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በወጣው አልበሙ ላይ አለ። አስቀድማችሁ የባኽን ሶናታ፣ ቀጥሎ ይህን ብታደርጉት ይሻላል። በግርማ ሥራ ላይ ፍሉት ነፊ የለም፤ ዋሽንቱንም አጃቢውንም የሚጫወተው ያው ፒያኖ ነው።

የቀረው ከሻሸመኔ ይጻፋል።