«ደህና ነኝ»

አሜሪካ ከገባሁ አሥር ዓመት እስኪሞላኝ ድረስ ቤዝቦል የሚባለውን ጨዋታ ማየት አልወድም ነበር። በእግር ኳስ ላደገ ሰው ጨዋታ ማለት ሩጫ ነው። እነዚህ ግን አንዱ ይወረውራል፣ አንዱ ዱላ ይዞ ይጠብቃል፣ የቀሩት ቆመው ሱፍ ይቆረጥማሉ። ያስወደደኝ ልጄ ነው። እዚሁ ሜሪላንድ ተወልዶ፣ በአማርኛ ስቆጣው በእንግሊዝኛ እየመለሰልኝ አድጎ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቱ የትምህርት ቤቱ ቡድን ወርዋሪ ሆነ።

ጨዋታውን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ወርዋሪው ከመቺው የሚርቀው አሥራ ስምንት ሜትር ተኩል ያህል ነው። ኳሷን በአንዲት ጠባብ ክልል ውስጥ ማሳለፍ አለበት። መቺው ሦስት ጊዜ ከሳተ ይወጣል፤ ወርዋሪው አራት ጊዜ ከክልሉ ውጭ ከወረወረ ደግሞ መቺው ሳይመታ በነጻ ይሄዳል። እንግዲህ ጨዋታው በሙሉ በአንድ ሰው ክንድ ላይ የተንጠለጠለ ነው፤ ክንዱም ክርን ውስጥ ባለች አንዲት አጭር ጅማት ላይ።

በ2023 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) በሜይ ወር አንድ ቅዳሜ ማታ ልጄን ይዤ ቦዊ ወደሚገኘው ስታዲየም ሄድኩ። ያን ጊዜ ቦዊ ቤይሶክስ፣ ከ2025 ጀምሮ ደግሞ ቼሳፒክ ቤይሶክስ የተባለው ቡድን የባልቲሞር ኦሪዮልስ መጋቢ ቡድን ነው። ዋናው ሊግ ለመድረስ ሁለት ደረጃ የቀራቸው ወጣቶች ይጫወቱበታል። በዚያው ዓመት በተፈረመው የመጀመሪያ የኅብረት ስምምነት የዚህ ደረጃ ተጫዋች ዝቅተኛ የዓመት ክፍያ ከ13,800 ወደ 30,250 ዶላር ከፍ ብሏል። በዚህ ገንዘብ የሚኖር ልጅ የሚጫወተው ለዛሬ አይደለም፤ ለነገ ነው።

አምስተኛው ዙር ላይ ወርዋሪው አንድ ኳስ ለቀቀና ክንዱን አራገፈው። ወጌሻው ሮጦ ገባ። ልጁ ራሱን ነቀነቀ። ከጎናችን የተቀመጡ አንድ ነጭ ሽማግሌ ወደ እኛ ዘንበል ብለው፣

«ደህና ነኝ እያለው ነው። ሁሉም እንዲሁ ነው የሚሉት» አሉን።

ከሁለት ውርወራ በኋላ ልጁ አቀርቅሮ ወጣ። ሽማግሌው ያን ጊዜ ነው ስለ ስቲቭ ዳልኮውስኪ ያጫወቱን። ኋላ እኔም እያነበብኩ አጣርቼዋለሁ።

ዳልኮውስኪ የኮኔቲከቷ የኒው ብሪተን ልጅ ነው። ኦሪዮልስ በ1957 ሲያስፈርመው እንደሱ በኃይል የሚወረውር ታይቶ አይታወቅም ይባል ነበር። ኳሷ ግን አትታዘዘውም። በዚያው ዓመት በታችኛው ሊግ በ62 ዙር ብቻ 121 መቺዎችን አስወጥቶ 129ኙን በነጻ አሳለፈ። በ1958 እዚሁ ሜሪላንድ፣ አበርዲን በሚገኘው የጦር ሠራዊቱ መሞከሪያ ሥፍራ ፍጥነቱን ሊለኩ ወሰዱት፤ መሣሪያው የሚይዘው ቦታ ላይ ኳሷን ለማሳለፍ ብዙ ሲደክም ቆይቶ በሰዓት 150 ኪሎ ሜትር ያህል ተመዘገበለት። በ1960 ደግሞ ያስወጣቸውም በነጻ ያሳለፋቸውም እኩል 262 ሆኑ። በ1962 በአሰልጣኝ ኧርል ዊቨር ሥር ክንዱ ልብ ገዛ። ማርች 1963 ላይ፣ ዋናው ቡድን ሊገባ ጥቂት ሲቀረው፣ በልምምድ ጨዋታ ክርኑ ተቀጨ። ዋናው ሊግ ላይ አንዲት ኳስ እንኳ ሳይወረውር በ1966 አበቃለት። ከዚያ በኋላ የካሊፎርኒያ እርሻ ላይ የቀን ሠራተኛ ሆነ፤ መጠጡም በረታበት። በ2020 በኮቪድ ሞተ።

ሽማግሌው ይህን ሲያወሩ የልጄ ግራ እጅ ቀኝ ክርኑን ጨብጦ ነበር። ያን አያያዝ አውቀዋለሁ።

በመኪና ወደ ቤት ስንመለስ ጠየቅሁት።

«ክርንህ ምን ሆነ?»

«ደህና ነኝ፣ አባዬ።»

የደነገጥኩት በአማርኛ ስለመለሰልኝ ነው። ይህ ልጅ በአማርኛ የሚናገረኝ ሊያባብለኝ ሲፈልግ ነው። ከመንገድ ወጥቼ አንድ ነዳጅ ማደያ ቆምኩ፤ ከመብራቱ ሥር ሱሪዬን ሰብስቤ የቀኝ ጉልበቴን አሳየሁት። ያን ጠባሳ ሲያየው የኖረ ነው፤ ከደረጃ ወድቄ ነው ብዬ ዋሽቼዋለሁ።

እውነቱ ይህ ነው። በሃያ ሁለት ዓመቴ አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ የሁለተኛ ዲቪዚዮን ቡድን እጫወት ነበር። ጉልበቴ አበጠ። አሰልጣኙ «እንዴት ነህ?» ሲለኝ «ደህና ነኝ» አልኩት። ማንም አላስገደደኝም። የፈራሁት ተጠባባቂው ልጅ ቦታዬን እንዳይወስድብኝ ነው። ወጌሻ ቤት እያሸሁ፣ በፋሻ እየጠቀለልኩ ሦስት ጨዋታ ተጫወትኩ። በአራተኛው ጉልበቴ ከዳኝ። ቦታዬንም ያው ልጅ ወሰደው።

ልጄ ዝም ብሎ ሰማኝ። ከዚያ በእንግሊዝኛ፣ «ከማርች ጀምሮ ያመኛል» አለ።

ለካ ለትምህርት ቤቱም ለቅዳሜና እሑዱ ክለብም ይወረውራል። ለዕድሜው የወጣው መመሪያ በቀን ከ95 ውርወራ እንዳያልፍ፣ 76 ከደረሰ ደግሞ አራት ቀን እንዲያርፍ ይላል። ሁለቱ አሰልጣኞች ግን የየራሳቸውን ብቻ ይቆጥራሉ። ድምሩን የሚያውቀው ክርኑ ብቻ ነበር። እኔስ? እኔም እቆጥር ነበር፤ የኮሌጁን ክፍያ። በስፖርት ነጻ ትምህርት ቢያገኝ ስንት እንደሚተርፈኝ ማታ ማታ በልቤ አሰላ ነበር።

ሐኪሙ ጅማቱ ተለጥጧል እንጂ አልተበጠሰም፤ ሦስት ወር እንዳይወረውር አለ። ቢበጠስም ዛሬ መላ አለው። በ1974 ዶክተር ፍራንክ ጆብ ከቶሚ ጆን ሌላ ክንድ ጅማት ወስደው ግራ ክርኑ ውስጥ ተከሉለት፤ ሰውየው በ1976 ተመልሶ እስከ 1989 ወረወረ፤ ካሸነፋቸው 288 ጨዋታዎች 164ቱ ከዚያ በኋላ የመጡ ናቸው። ለዳልኮውስኪ ግን ይህ መላ አሥራ አንድ ዓመት ዘገየበት። ደግሞ ሁሉም እንደ ቶሚ ጆን አይመለስም።

ልጄ አንድ ሳምንት አኮረፈኝ። «የማልወረውር ከሆነ እኔ ማነኝ?» ሲለኝ መልስ አልነበረኝም፤ እኔም በሃያ ሁለት ዓመቴ ይኸንኑ ጠይቄ መልስ አላገኘሁም። ቀሪውን ወራት ተጠባባቂ ወንበር ላይ ተቀምጦ የጓደኞቹን ውርወራ በደብተር ሲቆጥር ከረመ።

እኛ አገር «ደህና ነህ?» ለሚል ሰው መልሱ አስቀድሞ የተሰጠ ነው፤ የታመመም ያዘነም «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና» ይላል። ደግ ልማድ ነው፤ አልነቅፈውም። ልጄን ግን እንደሱ ብዬ መጠየቅ ትቻለሁ። ከልምምድ ሲመለስ በር ላይ ጠብቄ፣ «ዛሬ የት ጋ ነው የሚያምህ?» እለዋለሁ።