የማዳበሪያው ድንኳን

ካርቱም ገብቼ በገዛ ገንዘቤ የገዛሁት የመጀመሪያ ዕቃ የጆንያ መርፌ ነበር፤ ጫፉ ጎበጥ ያለ፣ ከመሀል ጣቴ የሚረዝም፣ ሲባጎ የሚያሳልፍ ሰፊ ዓይን ያለው። ኦምዱርማን ገበያ፣ ቆርቆሮ ቀጥቃጮቹ ከማለዳ እስከ ማታ ሲቀጠቅጡ ከሚውሉበት መደዳ፣ መሬት ላይ ጨርቅ አንጥፈው ከሚሸጡ አንድ ሽማግሌ ነው የገዛሁት። ዘመኑ 1977 ዓ.ም. ነው፤ በመተማ በኩል በእግራችን ተሻግረን፣ ገዳሪፍ ጥቂት ከርመን፣ አራት ልጆች ሆነን ዴም በሚባለው ሰፈር አንዲት የጭቃ ክፍል ተከራይተናል። ሱዳኖቹ ሁላችንንም «ሐበሻ» ነው የሚሉን፤ እርስ በርሳችን ግን ጎንደሬው፣ ወሎዬው፣ የአስመራው ልጅና የአዲስ አበባው ነበርን።

የአስመራው ልጅ በልጅነቱ ስካውት ነበር። አንድ ማታ ግቢው ውስጥ አንገረብ በሚሉት አልጋ ላይ ተጋድመን ኮከብ ስንቆጥር፣ «እስቲ አንድ ቀን ሳንደበቅ በእግራችን እንሂድ» አለ። ማናችንም አልመለስንለትም። እስከዚያ ቀን ድረስ በእግር መሄድ ማለት ለእኛ ሌሊቱን መጓዝ፣ ቀኑን ቁጥቋጦ ሥር መተኛት፣ ውሻ ሲጮህ ትንፋሽን መዋጥ ነበር። በማግስቱ ግን ወሎዬው አሥራ ሁለት ባዶ ማዳበሪያ ተሸክሞ ገባ።

ማዳበሪያዎቹን በስፌታቸው ተርትረን፣ ከራሳቸው ላይ የተመዘዘውን ክር አጠንክረን ፈትለን፣ በዚያች መርፌ ጠርዝ ለጠርዝ አጥፈን ሰፋናቸው። የማሽላው ሽታ ገና አልለቀቃቸውም ነበር። ዝናብ በስፌቱ እንዳይገባ ጎንደሬው ከቤተ ክርስቲያን ያመጣውን የጧፍ ቁራጭ እየደጋገመ ይፈትግበታል፤ ስለዚህ ድንኳናችን ግማሹ ጎተራ፣ ግማሹ ቅዳሴ ቅዳሴ ይሸት ነበር። ካስማዎቹን ቀን ቀን ከምንሠራበት ግንባታ አሠሪውን ለምነን ባገኘነው ቁርጥራጭ ፌሮ ሠራን። የቦርሳዎቹ ማንገቻ ከአሮጌ ካላማዳሪያ የተቀደደ ነበር፤ ትከሻ ላይ ይለጠጣል እንጂ አይቆርጥም። ጫማችንማ ያው በረባሶ ነው፤ እሱን ማንም አላስተማረን።

ከሁሉ ከሁሉ ምድጃችን አትረሳኝም። የዱቄት ወተት ጣሳ ነበረች፤ ታችዋን ዙሪያውን በሚስማር በስተን፣ ከመሀልዋ ሽቦ አጠላልፈን፣ ከላይ ጆሮ አበጀንላት። ከሰል ትጨምርና ጆሮዋን ይዘህ በክንድህ ሙሉ ክብ ትወዘውዛታለህ፤ ነፋሱ በታች ቀዳዳዎቹ ይገባና በጨለማው ውስጥ ቀይ ቀለበት ትሆናለች። የሰፈሩ ሕፃናት እሷን ለማየት ይሰበሰቡ ነበር። የውሃውን ብልሃት ደግሞ ያገኘነው ከዚር ነው። ካርቱም ውስጥ በየጥላው ሥር ለአላፊ አግዳሚው ውሃ ተሞልቶ የሚቀመጠው ትልቅ የሸክላ ጋን፣ ላብ እያላበው ውሃውን ያቀዘቅዛል። እኛም ጀሪካኑን በጆንያ ጠቅልለን ጆንያውን እናርሰዋለን፤ እርጥበቱ በነፋስ ሲደርቅ ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል፤ ያ እሳት የመሰለ ቀትር ላይ የምንጠጣው ውሃ ጥርስ ያቀዘቅዝ ነበር።

ዓርብ የዕረፍት ቀን ስለሆነ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ከኦምዱርማን በሎሪ ተጭነን ወደ ሳባሎካ ወጣን። ከካርቱም ወደ ሰሜን 80 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ዓባይ በጥቋቁር አለቶች መሀል ተጨናንቆ የሚያልፍበት፣ ስድስተኛው ፏፏቴ የሚሉት ቦታ። ከሎሪው ወርደን በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው እያየን፣ ሰላም እየተባልን ሄድን። ጎንደሬው ወንዙ ዳር ደርሶ እግሩን ነከረና ብዙ ዝም አለ። በኋላ፣ «ይሄ እኮ የቤቴ ውሃ ነው፤ ከጣና እዚህ ድረስ ቀድሞኝ መጥቷል» አለን።

ሌሊቱን ሀቡብ የሚሉት የአሸዋ ማዕበል ተነሣ። አሸዋው ድንኳኑን እንደ ከበሮ ሲደበድበው አራታችን አራቱን ማዕዘን በሁለት እጃችን ጨብጠን ተቀመጥን፤ ጥርሳችን መሀል አቧራ ይንቀጫቀጫል፤ ወሎዬው ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንጎራጉራል። ነጋ። ስፌቱ አንድም ቦታ አልተተረተረም። የጣሳችንን ክዳን ምጣድ አድርገን ቡና ስንቆላ ጭሱን ያየ አንድ ዓሣ አጥማጅ መጣ፣ ሁለት ዓሣ አስቀመጠልን፣ ከቡናችንም ጠጣ፤ ዝንጅብል የለበትም ብሎ አዘነልን።

ያ ድንኳን ብዙ ዓርብ አብሮን ዞረ። በ1980 ዓ.ም. ክረምት ግን ካርቱም ላይ የዓመቱን ሙሉ የሚያስንቅ ዝናብ በአንድ ቀንና ሌሊት ወረደ፤ የጭቃ ቤቶቹ እንደ ስኳር ሟሙ። የእኛም ግድግዳ ተደረመሰ። አከራያችን ሐጃ አምስት የልጅ ልጆቻቸውን ይዘው ሜዳ ላይ ቀሩ። ከፍ ያለ ቦታ ፈልገን ድንኳኑን ተከልንላቸው፤ ልጆቹን ከነእርጥብ ልብሳቸው ደራርበን አስተኛን፤ ጣሳዋን በራፉ ላይ አቀጣጠልናት። ሐጃ ጣሪያውን በመዳፋቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው፣ «ማነው የሰፋው?» ሲሉ አራታችንም አንድ ላይ «እኔ» አልን። ድንኳኑን መልሱልን ብለን አልጠየቅናቸውም፤ እዚያው ቀረ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ጦርነት ከተነሣ ወዲህ እኛ በወጣንበት በመተማ በር ሱዳኖቹ ወደ እኛ ሲገቡ በቴሌቪዥን አያለሁ፤ የእነዚያን አምስት ልጆች ፊት እፈልጋለሁ፤ ዛሬ የልጆች አባትና እናት ሆነው ይሆናል። መርፌዋ እዚህ አዲስ አበባ ከእኔ ጋር ናት። ባለፈው ሰሞን የጎረቤቴ የጤፍ ጆንያ ተቀዶ ልሰፋላቸው አወጣኋት፤ ዓይኗ ጥቂት ዝጓል እንጂ ሲባጎውን አሁንም ታሳልፋለች።