ስለ ትንሺቱ አውቶሞቢላችን

የቀድሞ ሰዎች የሰውን ማዕረግ በበቅሎው መለካት ልማዳቸው ነበረ። ማን በሰጋር በቅሎ እንደ ሄደ፥ ኮርቻውም በምን እንደ ተለበጠ፥ ስንት አሽከርም ፊትና ኋላ እንዳጀበው ይቈጠር ነበር። በ1900 ዓ.ም. ለዳግማዊ ምኒልክ አውቶሞቢል አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ግን መለኪያው ቀስ በቀስ ከበቅሎ ወደ መኪና ተዛወረ፤ የሚለካው ልብ ግን ያው የቀድሞው ነው። ይህንንም የምንጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እኛው ራሳችን በዚህ መለኪያ ምክንያት አንድ በደል ስለ ሠራን ነው።

በ1999 ዓ.ም. የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሆነን በተቀጠርን በሦስተኛው ዓመት፥ ከአንድ ጡረተኛ ሽማግሌ እጅ ፊያት 600 የምትባለውን ትንሽ መኪና ገዛን። የአዲስ አበባ ሰው ይህችን መኪና በኢጣልያንኛ ስሟ ሰይቼንቶ ይላታል፤ ትርጓሜውም ስድስት መቶ ማለት ነው። በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ ዓ.ም. ሰማያዊና ነጭ ተቀብታ በከተማችን ታክሲ ሆና ብዙ ሰው ያመላለሰች እርስዋ ናት፤ ስለዚህ በዕድሜ የገፉ አንባቢዎቻችን ጉልበታቸውን አጥፈው የተቀመጡባትን ቀን አይረሱም።

ርዝመቷ 3 ሜትር ከ20 ሳንቲ ሜትር ያህል፥ ክብደቷም 6 ኩንታል ያህል ነበረ፤ ይኸውም የስድስት ጆንያ ጤፍ ክብደት ነው። ሞተሯ ከኋላ ሲሆን፥ ከፊት ያለው ሣጥን የቤንዚን ማጠራቀሚያውንና ትርፍ ጎማውን ስለሚይዝ ለዕቃ የሚተርፈው ስፍራ እጅግ ጥቂት ነበር። ዳንቴ ጃኮዛ የተባለው ኢጣልያዊ መሐንዲስ፥ በፈረንጆች አቆጣጠር በ1936 ቶፖሊኖ፥ ማለት ትንሿ አይጥ፥ የተባለችውን መኪና ከሠራ በኋላ፥ በ1955 ይህችን አራት ሰው እንድትይዝ አድርጎ አወጣ። ሞተሩን ወደ ኋላ የወሰደበትም ምክንያት፥ ኃይልን ከፊት ወደ ኋላ ጎማ የሚያስተላልፈው ረጅም ዘንግ ቀርቶ ለሰው እግር ስፍራ እንዲገኝ ነው። በዚህም ብልሃት በአገሩ ከ2 ሚሊዮን ተኩል በላይ ተሠርተው፥ ከዚያ በፊት በብስክሌትና በሞተር ብስክሌት ይሄድ የነበረ ብዙ ቤተ ሰብ ባለ መኪና ሆነ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት የተማርነው ፈረንሳይኛ ለኢጣልያንኛ የቅርብ ዘመድ ስለ ሆነ፥ ከመኪናይቱ ጋር ያገኘነውን የአያያዝ መጽሐፍ እየገመትን አነበብነው።

በመጽሐፉ ያልተጻፈውን ግን ዳገቱ አስተማረን። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች አየሯ ስስ ነው፤ በስስ አየርም እንደዚህ ያለ ሞተር ከጉልበቱ አንድ አራተኛ ያህል ያጣል። ቤታችን በሽሮ ሜዳ ነበረና፥ ከስድስት ኪሎ በላይ ያለውን ዳገት ስንወጣ ተማሪዎች እየሮጡ ይቀድሙን ነበር። ውሃ መጨመር የዘነጋን ዕለት ሞተሩ ሲፈላ በመንገድ ዳር ቆመን እስኪበርድ እንጠብቃለን፤ ጥፋቱም የእኛ እንጂ የእርስዋ አልነበረም። ዳሩ ግን ባለቤታችንንና የበኵር ልጃችንን ይዘን ቤተ ክርስቲያን ስንስምባት፥ ገበያም ስንወርድባት፥ በዓለም ላይ እንደ እኛ ያለ ባለ ጸጋ ያለ አይመስለንም ነበር።

ይህ ደስታ የቆየው የመሥሪያ ቤታችን ዘበኛ እስኪናገር ድረስ ነው። ቀልደኛ ሽማግሌ ነበረና፥ አንድ ቀን ዙሪያዋን ከዞረ በኋላ፥ «ጌታዬ፥ የቀረው ክፍሏ መቼ ይመጣል?» ብሎ ጠየቀን። በፊቱ ሳቅን፤ በልባችን ግን ቈሰልን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትልልቆቹ መኪናዎች አጠገብ ማቆም ትተን ከአጥሩ ጀርባ ከባሕር ዛፉ ሥር እንደብቃት ጀመር። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች እንደ ተባለው፥ ባልደረቦቻችን በምን እንደ መጣን ሲጠይቁን፥ አጎታችን ላንድ ክሩዘር እንዳላቸው እንነግራቸው ነበር።

በጥር ወር 2001 ዓ.ም. የአንድ ባልደረባችን ሠርግ ሆነ። ባለቤታችን አራስ ስለ ነበረች ብቻችንን ሄድን። ፊደል ያስቈጠሩን ዳዊትም ያስደገሙን የኔታ የሙሽራው አባት ወዳጅ ነበሩና እርሳቸውም ተጠርተው ነበር። ዕድሜያቸው ከ70 አልፎ ነበር፤ የሚኖሩትም በእንጦጦ ግርጌ ካሉት አድባራት በአንዱ ቅጥር ግቢ ነው። ግብሩ ሲያበቃ፥ ከዳኞችና ከባለ ጸጎች ጋር በበሩ ቆመን ስንጫወት፥ ጥምጣማቸውን አስተካክለው መቋሚያቸውን ተደግፈው ወደ እኛ መጡና፥ «ልጄ፥ ወደ ላይ ትወጣለህን? ጉልበቴ ዛሬ እንቢ አለኝ» አሉን።

እኛም ያ ረጅም መቋሚያ ከዚያች ትንሽ መስኮት ወጥቶ፥ በበሩ የቆሙትም ሰዎች ሲስቁ በዓይነ ኅሊናችን ታየን። ፈጥነንም፥ «የኔታ፥ ስፍራ የለም፤ የምናደርሳቸው ሰዎች አሉ» አልናቸው። እርሳቸውም፥ «ደኅና፥ ልጄ፤ በሰላም ግባ» ብለው መርቀውን መንገድ ጀመሩ።

ሰው እስኪበተን ቆየንና ብቻችንን ተነሣን። የኔታ የሚሄዱበትና እኛ የምንሄድበት መንገድ አንድ መሆኑን ግን አላሰብነውም። ከስድስት ኪሎ አልፈን ዳገቱን በሁለተኛ ማርሽ ስንገፋ በመንገዱ ዳር ሲሄዱ አየናቸው። ፈጥኖ ማለፍ እንኳ አልተቻለንም፤ መኪናይቱ ከእግረኛ ጥቂት ብቻ በሚበልጥ ፍጥነት ወደ እርሳቸው ቀረበች። ድምፅ ሰምተው ዞር አሉ፤ ሦስቱን ባዶ መቀመጫዎች አዩ፤ እኛንም አዩ። ከዚያም መንገድ ሊለቁልን ወደ ቦዩ ጠርዝ ጠጋ ብለው እጃቸውን አንሥተው ባረኩን። እኛ ግን አላቆምንም።

በማግሥቱ በችሎት አንድ ምስክር እውነትን ሊናገር እጁን አንሥቶ ማለ፤ ቃሉን መጻፍም የእኛ ሥራ ነበር። የተነሣውን እጅ ባየን ጊዜ በቦዩ ጠርዝ ላይ የተነሣው እጅ ታየን፤ የምስክሩንም ስም ሁለት ጊዜ አሳስተን ጽፈን ዳኛው ገሠጹን። ሦስት ሳምንት ያህል እህል እንደ ወትሮው አልጣመንም። ባለቤታችንም መርምራ ነገሩን ካወጣች በኋላ ብዙ አልተናገረችም፤ ቅዳሜ ማታ ድፎ ዳቦ ደፍታ፥ «ይህን ይዘህ ሂድ፤ አፍህ ቢያፍር ዳቦው ይናገርልሃል» አለችን።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደ የኔታ ጎጆ ገባን። ዳቦውን ተቀብለው ባርከው ካስቀመጡ በኋላ፥ አፋችንን ሳንከፍት፥ «ልጄ፥ እነዚያን ሰዎች አደረስሃቸውን?» ብለው ጠየቁን። በእግራቸው ላይ ወደቅን። እርሳቸውም አንሥተው ከአጠገባቸው አስቀመጡንና፥ ስለዚያ ቀን አንዳች ቃል ሳይጨምሩ ዳቦውን ቈረሱ።

ከዚያ ጊዜ ጀምሮ እስከ ዕረፍታቸው፥ እስከ 2006 ዓ.ም. ድረስ፥ የኔታ የሚሄዱበት ሁሉ በትንሺቱ መኪናችን ሆነ። መቋሚያው ከኋላ መቀመጫ ጥግ ተነሥቶ በእርሳቸው ትከሻ በኩል አልፎ በመስኮቱ አንድ ክንድ ያህል ይወጣ ነበር። ሞተሩ እንዲበርድ በዳገቱ መካከል ስናቆም የረሳነውን ቅኔ ይጠይቁናል፤ ስንሳሳትም በመቋሚያው ጫፍ ጉልበታችንን ይነኩናል። አንድ ቀን የምንሠራበትን ቤት ለማየት ወድደው በፊት በር አስገባናቸውና በትልልቆቹ መኪናዎች መካከል አቆምን። ያ ዘበኛ ከመቀመጫው ተነሥቶ እጅ ነሣቸው፤ ወደ እኛም ዘንበል ብሎ፥ «ጌታዬ፥ የቀረው ክፍሏ ዛሬ መጣ» አለን።

መለዋወጫ ስለ ታጣላትና ልጆቻችንም ስለ በዙ፥ በ2007 ዓ.ም. መኪናይቱን ሸጥናት። የምንነዳው ሰፊ መኪና ነው፤ ነገር ግን የሰፊ መኪና ባለቤት ሆነን በባዶ መቀመጫ ስንት ሽማግሌ እንዳለፍን ብንጠየቅ መልሱ አያኮራንም። አባቶችና እናቶች ለልጆቻቸው ይህን ቢነግሯቸው መልካም ነው እንላለን፤ የመቀመጫውን ብዛት የሚቈጥረው ባለ መኪናው ብቻ አይደለም፤ በመንገድ ዳር ያለውም እግረኛ ያያል።

በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሄዱ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ፥ በባትሪ የሚሄዱ ትንንሽ መኪናዎች በከተማችን ይታያሉ። ከእኛ ጋር የሚሠራ አንድ ወጣት ጸሐፊም ከእነዚህ አንዲቱን ገዝቶ ከአጥሩ ጀርባ ከባሕር ዛፉ ሥር ሲያቆማት አየነው። ምንም አልጠየቅነውም፤ ማታ ግን የራሳችንን መኪና በግቢው ትተን፥ ቤታችን ድረስ እንዲያደርሰን ለመንነው፤ መኪናይቱንም በፊት በር አምጥቶ በሰው ሁሉ ፊት ጉልበታችንን አጥፈን ገባን።